ከግድግዳው ሥዕል በፊት

በደሴ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የመዋዕለ ሕፃናት ማስታወቂያ በየአጥሩና በየምሰሶው ይለጠፋል። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ የሚሰቀሉት ባነሮች የሚሉት ነገር እምብዛም አይለያይም፤ በእንግሊዝኛ ማስተማር፣ የልጆች ማመላለሻ መኪና፣ በካሜራ የሚጠበቅ ግቢ፣ በሥዕል ያማረ ክፍል። ልጁ ቀኑን ሙሉ አብሯት የሚውለው መምህርት ማን እንደሆነች፣ በሙያው ስንት ዓመት እንደቆየች፣ ስንት ልጆችን ብቻዋን እንደምትይዝ የሚገልጽ አንድ መስመር ግን በማንኛቸውም ላይ አንብቤ አላውቅም። እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከተለያየ ቤትና ከተለያየ መዋዕለ ሕፃናት የሚመጡትን ልጆች መስከረም ላይ የምንቀበለው እኔና መሰሎቼ ስለሆንን፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የተሠራውም ሆነ ሳይሠራ የቀረው ሥራ የሚገለጠው እኛ ፊት ነው። በሥራዬ ላይ በቆየሁ ቁጥር እየጸናብኝ የመጣው እምነት አንድ ነው፤ የትንንሽ ልጆች እንክብካቤና ትምህርት ጥራት የሚለካው ልጁ ሲናገር በሚሰማው፣ ሲጠይቅ በሚመልስለትና በየጊዜው በማይቀያየርበት አዋቂ ሰው ነው። ማኅበረሰባችን ለልጆች የሚያወጣው ገንዘብና ጉልበት አስቀድሞ መዋል ያለበትም ለዚህ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

በመስከረም ከፊቴ የሚቀመጡት ልጆች የመጡበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂና ዩኬጂ ተብሎ ሦስት ዓመት የተማሩ ናቸው፤ ሌሎቹ በእኛው ግቢ ባለው ኦ ክፍል አንድ ዓመት ቆይተው ይመጣሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው ቤት በቀጥታ አንደኛ ክፍል ይገባሉ። ሦስት ዓመት ከተማሩት መካከል የእንግሊዝኛውን ፊደል ከዳር እስከ ዳር በዜማ የሚወጡ፣ እስከ መቶ የሚቆጥሩ፣ ከሰሌዳ ላይ አሳምረው የሚገለብጡ አሉ። ነገር ግን ስድስት ቆርኪ ሰጥቼ «ለሦስቱ ጓደኞችህ እኩል አካፍላቸው» ስለው፣ እስከ መቶ የቆጠረው ልጅ ቆርኪዎቹን ጨብጦ ዓይን ዓይኔን ያያል። ትናንት ማታ ቤት ምን እንዳደረገ እንዲያጫውተኝ ስጠይቀውም በአንድ ቃል መልሶ ዝም ይላል፤ ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደሆነ እኔ እንድነግረው የሚጠብቅ ይመስላል። በአንጻሩ ከአያቷ ጋር ያደገች፣ እርሳስ አያያዝ ያልለመደች ልጅ የጅብንና የአህያን ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የጅቡን ድምፅ እያጎረነነች ትነግረኛለች። እሷ እርሳስ መያዙን ብዙም ሳትቆይ ትለምደዋለች፤ እሱ የሚያስበውን በራሱ ቃል ማውጣት እስኪጀምር ግን ብዙ ጊዜ የትምህርት ዘመኑ ይጋመሳል።

ይህን ስል መዋዕለ ሕፃናት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቤትም መዋዕለ ሕፃናትም የሚያናግረው ሰው ሳያገኝ የመጣው ልጅ ነው፤ ጥቅምት እስኪያልቅ ድረስ ድምፁን ያልሰማሁት፣ ስሙን ስጠራ አንገቱን የሚደፋ ልጅ። እንዲህ ላለው ልጅ ጥሩ መዋዕለ ሕፃናት ትልቅ መድኅን ይሆን ነበር። ጥያቄው ጥሩ የሚባለው የትኛው ነው የሚለው ነው።

ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ ንግግር ይጀምራል። ድምፅ ያሰማል፣ እናቱ ዞራ ታየዋለች፤ ጣቱን ወደ ደጅ ይቀስራል፣ «አዎ፣ ዶሮዋ ናት፤ ጥሬ እየለቀመች ነው» ትለዋለች፤ ይስቃል፣ ትስቅለታለች። በቀን ውስጥ እልፍ ጊዜ የሚደጋገመው ይህ ምልልስ በአንጎሉ ሴሎች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚገነባና የሚያጠናክር መሆኑን የዘርፉ ሳይንስ በሚገባ አረጋግጦታል። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን የአዋቂን አንጎል 80 በመቶ ያህል ደርሷል፤ ስለዚህ «ትንሽ ይደግና እናስተምረዋለን» በምንልበት ጊዜ ከሥራው አብዛኛው እየተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ ከአጋሮቻቸው ጋር ያወጡት ማዕቀፍ ሕፃናት በደንብ እንዲያድጉ የሚያስፈልጓቸውን ነገሮች በአምስት ይከፍላቸዋል፤ ጤና፣ የተሟላ ምግብ፣ ለልጁ ስሜትና ፍላጎት ምላሽ የሚሰጥ አያያዝ፣ የመማር ዕድልና ደኅንነት። በሠፈራችን ስለ ክትባትና ስለ ምግብ ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። ሦስተኛውን ግን በስብሰባ ላይ አንሥቶ የሚናገር ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ ምናልባትም ገንዘብ የማይወጣበት በመሆኑ ዋጋ ያለው ነገር አይመስለን ይሆናል።

ዋጋውን በቁጥር ማየት ለሚፈልግ ሰው በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን የተሠራው ጥናት ጥሩ ማስረጃ ነው። ሳሊ ግራንተም ማክግሬገር የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በድሃ ሠፈሮች የሚኖሩ፣ በምግብ እጥረት ምክንያት የቀነጨሩ 129 ሕፃናትን መዘገቡ። ሕፃናቱ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። ለከፊሎቹ ተጨማሪ ምግብ ተሰጠ፤ ለከፊሎቹ ቤት ለቤት ጉብኝት ተደረገ፤ ለከፊሎቹ ሁለቱም፤ ለቀሩት ደግሞ አንዱም አልተሰጠም። ጉብኝቱን የሚያካሂዱት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ነበሩ። በሳምንት አንድ ሰዓት ለሁለት ዓመት እየሄዱ፣ ከቤት ውስጥ ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ያሳዩ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያው ልጆች አዋቂ ሆነው ሲጠኑ፣ ቤታቸው ይጎበኝ የነበረው ካልተጎበኙት ይልቅ ገቢያቸው በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። የተጨማሪ ምግቡ ውጤት ብቻውን እስከዚያ ድረስ አልዘለቀም።

ይህን ጥናት ባስታወስኩ ቁጥር የሚገርመኝ በዚያ የተደረገው ነገር ሁሉ እኛ ጋር ሊደረግ የሚችል መሆኑ ነው። ልዩ ሕንፃ አልተሠራም፤ ከውጭ የመጣ መጫወቻ አልነበረም። እኛም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ የእያንዳንዱን ነፍሰ ጡርና የእያንዳንዱን ሕፃን ቤት የሚያውቁ ሴቶች አሉን። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ክትባት ለመከታተል ስትመጣ አሥር ደቂቃ ጨምራ «እስኪ አሁን ሲያጉተመትም መልሺለት፤ እያየሽው አውሪው» ብላ ለእናቲቱ ብታሳያት፣ ሥራ እንደሚበዛባት ባውቅም፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ምግቡ ይቅር ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ጤፍና ገብስ፣ ባቄላና ምስር በሚመረትበት ወሎ ይህ ቁጥር ሊያንገበግበን ይገባል። ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ ተረት አይሰማም።

መዋዕለ ሕፃናት ወደ አገራችን የገባው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በድሬዳዋ፣ በምድር ባቡር ሥራ ላይ ለነበሩ ፈረንሳውያን ልጆች ነው። ከመነሻው የጥቂቶችና በውጭ ቋንቋ የሚሰጥ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ወላጅ ጥራትን ከእንግሊዝኛ ጋር አያይዞ የሚያየው ይህ ጥላ ስላልለቀቀን ይመስለኛል። ሕፃናትን ሰብስቦ ማስተማር ግን ከዚያ በፊትም ነበረን። ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅና ደሴ ዙሪያ ያደገ የቀደመው ትውልድ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ አቡጊዳ ቆጥሯል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቁርአን ቤት የእንጨት ሰሌዳውን ሉህ ይዞ ተምሯል። ከዚያ ልማድ ልናቆየው የሚገባን ነገር አለ፤ አስተማሪው ልጁን ከነቤተሰቡ ያውቀዋል፣ ዓመት ከዓመት አይቀየርበትም፣ ታላቁ ታናሹን ያስቀጥላል። አለንጋውና በጩኸት መሸምደዱ ግን የአራት ዓመት ልጅ ሊያልፍበት የሚገባ መንገድ አይደለም፤ በሽምደዳው ላይ ቀለም ተቀብቶ፣ ቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ ተለውጦ ዘመናዊ ሲባል ሳይ አዝናለሁ።

በወረቀት ደረጃ ብዙ ተሂዷል። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የመጀመሪያ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከወላጆች ትምህርት ጀምሮ ሕፃኑ ትምህርት ቤት እስኪገባ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ከዚያ ወዲህ ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተስፋፍቶ መዋዕለ ሕፃናት መክፈል ለማይችል ቤተሰብ በር ከፍቷል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያሉትን ሁለት ዓመታት የአጠቃላይ ትምህርቱ አካል አድርጓቸዋል። በሩ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለኦ ክፍል በብዙ ቦታ የሚሰጠው ከላይኛው ክፍል የተረፈው ቤት፣ መምህሩም ከሌላ ክፍል የተረፈው ሰው ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ የተሠራ አግዳሚ ላይ የአራት ዓመት ልጅ እግሩ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይውላል።

ቢሆንም በዚያው ክፍል ውስጥ ጥሩ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ዓይቻለሁ። የኦ ክፍል መምህርት የሆነች ባልደረባዬ ልጆቿን ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ ክብ አድርጋ ታስቀምጣለች። በአንደኛው ጠዋት የአንድ ልጅ ስም እየጠራች ስሙን በጭብጨባ ይቆራርጡት ነበር፤ «ፋ፣ ጡ፣ ማ» ሲሉ ሦስት ጊዜ፣ «ሙ፣ ሉ» ሲሉ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ። በመሀል ደመቀ የሚባል ትንሽ ልጅ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ የእኔና የፋጡማ ስም እኩል ነው!» አለ።

«እንዴት አወቅህ?» አለችው፤ አላጨበጨበችለትም፣ «ጎበዝ» ብላም አላለፈችውም።

«እጄ ሦስቴ ጮኸ።»

«የማንስ ያጥራል?»

ልጁ ክቡን በዓይኑ ዞረው፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ የጓደኞቹን ስም በልቡ ይሞክራል። ክፍሉ በሙሉ ጠበቀው። እሷም ጠበቀችው። በመጨረሻ «የሙሉ!» አለ፤ ሙሉም ስሟ አጭር በመሆኑ የተሸለመች ያህል ሳቀች። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ልጁ ቆጠረ፣ አነጻጸረ፣ ምክንያቱን በቃል ገለጸ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተናገረው ነገር ትልቅን ሰው ሊያስጠይቅ እንደሚችል አየ። ፊደላችን እያንዳንዱ ተናባቢ ከአናባቢው ጋር ተጣምሮ የሚጻፍበት በመሆኑ የቃልን ድምፅ በጆሮው መቆራረጥ የለመደ ልጅ ሀ ሁን ሲጀምር ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ከእሷ ክፍል የሚመጡልኝ ልጆች ላይ ይህን በየዓመቱ አየዋለሁ። ቁሳቁሷ ቆርኪ፣ ባቄላ፣ የካርቶን ቁራጭና ስንደዶ ነው። ግድግዳዋ ላይ ከልጆቹ ሥራ በቀር ሥዕል የለም።

ስለዚህ ልጅ ሊያስመዘግብ የሚሄድ ወላጅ ሲያማክረኝ ክፍያውንና ቋንቋውን ከመጠየቁ በፊት ትምህርት ላይ ባሉበት ሰዓት በር ላይ ቆሞ እንዲያዳምጥ እመክረዋለሁ። የሚሰማው የማን ድምፅ ነው? መምህርቷ ብቻ የምትናገር ከሆነ፣ ልጆቹም በኅብረት የሚደግሙት እሷ ያለችውን ብቻ ከሆነ፣ ግቢው ቢያምርም ሌላ ቦታ መፈለጉ ይሻላል። ባለፈው ዓመት የነበረችው መምህርት ዘንድሮም አለች ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ደመወዝ ዝቅተኛ በመሆኑ የተሻለ ሥራ ባገኘች ቁጥር ትሄዳለች፤ ልጁም ገና የለመዳትን ሰው ያጣል። በዓመት ሦስት መምህርት የተቀያየረበት ልጅ አራተኛዋን ቶሎ አያምንም። የቤት ሥራ በብዛት መስጠትን የጥራት ምልክት አድርጎ የሚያይ ወላጅም ብዙ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ማታ ሁለት ገጽ ሲገለብጥ ከሚያሳልፍ ይልቅ ከእናቱ ጋር ሽንኩርት እየላጠ ቢጫወትና ቢያወራ በብዙ እጅ ይማራል።

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ሌላ ችግርም አለባት፤ ሜዳ የላትም። አብዛኛው የግል መዋዕለ ሕፃናት የመኖሪያ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ነው፤ ሳሎኑ ክፍል፣ ጓዳው ክፍል፣ ግቢው ደግሞ መኪና ሲገባበት የሚሞላ ሲሚንቶ ነው። ልጆቹ ጉም ባልለቀቀበት ማለዳ ገብተው እስኪወጡ ድረስ የሚሮጡበት ቦታ አያገኙም። ለመሮጥ፣ ለመዝለል፣ ጭቃ ለማቡካት፣ ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ያልታደለ ልጅ ሰውነቱን በወጉ ማዘዝ ይቸግረዋል፤ ጣቱም ለእርሳስ ዘግይቶ ይዘጋጃል። ከተማው ለመናፈሻና ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ሲያፈላልግ በየቀበሌው ለሕፃናት የምትሆን አንዲት ደልዳላ ቦታ አብሮ ቢያስብ ምን ያህል በጠቀመን።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለገባ ሰው ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ሜዳ አለ፤ ያጠረው የእናቶች ጊዜ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከቆየበት ከተማ ላይ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ከገጠርም ከከተማም ብዙ ወጣት ሴቶች በፈረቃ ወደሚሠራ ሥራ ገቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ታገኛለች። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ ሊጠባ ይገባል የሚለው የጤና ምክር እና ሦስተኛው ወር ላይ የሚያልቀው ፈቃድ መካከል የሚቀሩት ሦስት ወራት የማን ናቸው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። በመስፊያ መኪና ላይ የምትውለው እናት ግን ከመንግሥት ሠራተኛዋ ያነሰ ልጅ አልወለደችም።

ከዘመዶቼ አንዷ ኮምቦልቻ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ናት። ልጇን የምትተውባቸውን እትዬን ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሰሌን ላይ፣ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን የጎረቤት ልጆች ይዘው ይውላሉ። ርኅሩኅ ሴት ናቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚያስለቅሰው ያውቃሉ። ነገር ግን ለኑሯቸው የሚሸጥ እንጀራ ስለሚጋግሩ ግማሹን ቀን ምጣድ ላይ ናቸው፤ እስከዚያ ልጆቹን ቴሌቪዥኑ ይይዛቸዋል። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እጄ ሁለት ነው፤ አፌ ቢያወራላቸው እንኳ ሊጡ አይጠብቀኝም» አሉኝ። እኚህ እናት የኮምቦልቻ ቀዳማይ ልጅነት ተቋም ናቸው። ምዝገባ የላቸውም፣ ሥልጠና አላገኙም፣ በማንም ዕቅድ ውስጥ የሉም። ጥራት ስንል ስለ ግል መዋዕለ ሕፃናት ብቻ የምናወራ ከሆነ እሳቸው ዘንድ የሚውሉትን ልጆች እንረሳቸዋለን። ፋብሪካዎቹ፣ ከተማ አስተዳደሩና ወላጆች ተነጋግረው እንደሳቸው ያሉትን ሴቶች ቢያሠለጥኑ፣ እንጀራውን የሚተካ ክፍያ ቢያስቡላቸውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሳምንቱ እንድትጎበኛቸው ቢያደርጉ፣ አዲስ ሕንፃ ሳይጠበቅ ነገ ሊጀመር ይችላል።

ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የደሴ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ለመጡ ተፈናቃዮች መጠለያ ነበሩ፤ ከዚያም ጦርነቱ ራሳችን ጋር መጣ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻም እኛው ተራችንን ተሰደድን። በዚያ ዘመን በእቅፍ የነበሩ ልጆች ያዩትን በቃል አይናገሩትም። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ፣ እናቱ ከዓይኑ ስትሰወር አብዝቶ የሚያለቅስ ልጅ ግን ሰውነቱ ይናገራል። እንዲህ ላለው ልጅ ሕክምናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ፊት የሚቀበለው ሰው ማግኘት ነው። መምህርት የሚቀያየርበት መዋዕለ ሕፃናት ለማንኛውም ልጅ ጉዳት ቢሆንም ለእነዚህ ልጆች ግን ይብሳል።

ይህን ሁሉ ይዤ የሄድኩት ወደ ቅሬያችን፣ ማለትም ወደ እድራችን ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ሀብታምም ሆነ ድሃ በአንድ ጣሪያ የሚገናኝበት፣ ገንዘቡን አምኖ የሚያስቀምጥበት፣ የተወሰነው ነገር ሳይፈጸም የማይቀርበት ማኅበር ቅሬ ነው። ቅሬያችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚያስቀምጥበት ቤትና ከፊቱ ደልዳላ ግቢ አለው፤ ለቅሶ በሌለበት ቀን ተቆልፎ ይውላል። ስብሰባው ላይ ግቢው በሳምንት ሁለት ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች እንዲከፈት ስጠይቅ ሰብሳቢያችን በቅንነት ተቃወሙ።

«ልጄ፣ ቅሬ የቆመው ቀባሪ እንዳይጠፋ ነው። የሕፃን ነገር የትምህርት ቤት ነው፤ አንዱን ካንዱ ብንቀላቅል ሁለቱም ይበላሻሉ» አሉ።

«አባቴ፣ አንቱ ያሉት ልክ ነው፤ የቅሬው ገንዘብ እንዲነካ አልጠየቅኩም» አልኳቸው። «የጠየቅኩት ግቢውን ነው። የእኛው ሠፈር ልጆች አስፋልት ዳር እየተጫወቱ ነው።»

ከኋላ ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ስድስት ልጅ በተረትና በእንቆቅልሽ አሳድጌያለሁ። በሩን ክፈቱልን እንጂ ማስተማሩ አያቅተንም» አሉ። ሌሎች ሴቶችም ተከተሏቸው። ሰብሳቢው ጥቂት ካሰቡ በኋላ የግቢው ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚሆን፣ ለቅሶ ከመጣ ልጆቹ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ውኃና መጸዳጃው እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ ጠየቁ። የተቃወሙትን ያህል አጥብቀው ስለጠየቁ ነገሩ በጥሩ መሠረት ላይ ተቀመጠ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ግቢው ይከፈታል።

እስካሁን የሠራነው ቀላሉን ነው። እናቶቹ ተራ ገብተው ተረት ይነግራሉ፣ «እንቆቅልሽ» ሲሉ ልጆቹ «ምን አውቅልህ» ብለው ግቢውን ያደምቁታል፤ ጭቃ አለ፣ ቆርኪ አለ፣ የጨርቅ ኳስ አለ። የአንዱ ቤት ጎልማሳ የተሰበሩ ወንበሮችን ቆርጦ ዝቅተኛ መቀመጫ ሠርቶላቸዋል። ያልተፈታው ጥያቄ የሰው ነው። ተራ የገባች እናት ገበያ ሲኖርባት ትቀራለች፤ ሌላዋ ስትተካት ልጆቹ እንደገና ይግደረደራሉ። ከሠፈራችን በመዋዕለ ሕፃናት ሙያ ተመርቃ ሥራ ያጣች አንዲት ወጣት አለች፤ ስትመጣ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጉያ ወጥተው ይከቧታል። ያለ ክፍያ ጥቂት ወር ልትሠራ ፈቃደኛ ናት፤ እኔ ግን እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። ያልተከፈላት መምህርት ሌላ ሥራ ባገኘች ዕለት የመሄድ መብት አላት፤ ያኔ የምንጎዳው ልጆቹን ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ እያንዳንዱ ፈቃደኛ ቤተሰብ ከቅሬው መዋጮ ተለይቶ የሚያዝ ትንሽ ገንዘብ በየወሩ እንዲያዋጣና ለእሷ ቢያንስ የአንድ ዓመት ውል እንድንሰጣት ነው። በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ የሠፈራችን ልጆች ደጋግማችሁ «ምን መጫወቻ እንላክ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። መጫወቻው አለን። የምትልኩት ካለ ለዚህች መምህርት ደመወዝ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ብዙ ከመላክ ይልቅም በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ውሉን ስንፈርምላት ዓመቱን ሙሉ እንደምንከፍላት እርግጠኞች መሆን አለብንና።